ሠላሳ እርምጃ

ከኦቦ ዱጋሳ በረንዳ እስከ እኔ ውሃ ቧንቧ ድረስ ሠላሳ እርምጃ ነው። ድሮ ቆጥሬው አላውቅም፤ ማን ጎረቤቱን በእርምጃ ይለካል? ዘንድሮ ግን ቆጠርኩት፣ ደግሜም ቆጠርኩት፤ ያው ሠላሳ ነው። ለምን እንደቆጠርኩት ስነግራችሁ አትፍረዱብኝ አልልም። ፍረዱብኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሸዋወርቅ እባላለሁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እዚሁ ናዝሬት ቴሌ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ። «ሦስት ደቂቃዎ ሞልቷል፣ ይጨመርልዎ?» እያልኩ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰው ቁጣ አለባት ይለኛል። አለብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ንዝንዝ በሁለት ጆሮው የሰማ ሰው ቁጣ ባይኖርበት ነው የሚገርመው።

ግቢያችን አንድ ነው፤ ቤቱ ሁለት። በአንዱ እኔ አለሁ፣ በሌላው ኦቦ ዱጋሳና ሚስታቸው ቡዜ። የውጭ በራችን አንድ፣ ቧንቧችን አንድ። መሀል ላይ አጥር የለም፤ ያለው ሣር ነው። ባለቤቴ ንዋይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መልካሳ ሲሠራ የሰርዶ ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶ በእጁ ተከለው። የናዝሬትን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጥር ሲገባ የተከደነ ሊጥ ላይ ሳይቀር አፈር ያለብሳል። ሰርዶው ከያዘ ወዲህ ግን ቤቴ ከአቧራ ዳነ።

ሥራውን የምንካፈለው እኔና ቡዜ ነበርን። እሷ በማጭድ ታጭዳለች፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን፤ አንድም ቀን «ያንቺ በዛ፣ የኔ አነሰ» አልተባባልንም። ኦቦ ዱጋሳማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤንትሬ ተሳቢ ሾፌር ነበሩ። አሰብ ደርሰው ሲመለሱ ሣሩን ታጭዶ ነው የሚያገኙት። ጡረታ ከወጡም በኋላ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ቁጭ ነው። ያ ሬዲዮ! ያንኑ ዜና አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ይሰሙታል፣ ያውም ጣራ በሚያነሳ ድምፅ። እኔ ከጓዳዬ ሆኜ «ኧረ ይቀንሱት!» ብዬ እጮኻለሁ። ይቀንሳሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ መልሰው ይጨምራሉ።

ግንቦት ላይ ልጃቸው ቢሊሴ መንታ ወለደች። ቢሊሴና ባሏ ዓለም ጤና ከተማ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ። ቡዜ አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። «ወር ብቻ ነው የምቆየው» ብላኝ ነበር። መንታ ነው እንግዲህ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል። አንዱ ወር አልፎ ሁለተኛው ተጋመሰ፣ ክረምቱም ገባ። ሰርዶ ደግሞ ዝናብ ካገኘ ሰው አያከብርም፤ ደረጃዬ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

አንድ ሰኞ በረንዳቸው ድረስ ሄድኩ። «ኦቦ ዱጋሳ፣ የቡዜን ድርሻ ማን ሊሠራው ነው?» አልኳቸው።

ሬዲዮኑን እንኳ አልቀነሱም። «እኔ መኪና ነው የማውቀው፤ ሣር አላውቅም። ቡዜ ስትመጣ ታጭደዋለች።»

«መንታ ስታሳድግ ከርማ መጥታ ትጨድልዎት?»

«ታዲያ ሰው ቅጠሪ።»

ሰው ቅጠሪ! ደሜ ፈላ። ጣቴን ቀስሬ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ዱጋሳ የሚባል ሰው አለ ብዬ አልቆጥርም» አልኳቸው። «ብሞት እንኳ አልጠራዎትም!»

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቡዜን ማጭድ አውጥቼ ብቻዬን ማጨድ ጀመርኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ያዳልጣል። ቧንቧው አጠገብ ስደርስ እግሬ ሸርተት አለና ተዘረርኩ። ማጭዱ ደግነቱ ራቅ ብሎ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቴ ግን ከሥሬ ታጥፎ ቀረ፣ ወገቤም እንቢ አለ። ልነሳ ብል የማልነሳ ሆንኩ።

የኦቦ ዱጋሳ ሬዲዮ ይሰማኛል። ስለ ማዳበሪያ ያወራል። መሀላችን ያለው የሎሚው ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱ ከልሎኝ አያዩኝም እንጂ አንዴ «ኦቦ ዱጋሳ!» ብል በቂ ነበር። አላልኩም። ልብ አድርጉ፣ ትንፋሽ አላጠረኝም፣ ራሴንም አልሳትኩም። እልህ ነው። ብሞት አልጠራዎትም ብያለኋ! እርጥብ ሣር ላይ ተጋድሜ፣ ጉንዳን አንገቴ ላይ እየወጣ፣ ጥርሴን ነክሼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ገባና አገኘኝ። እሱ ሲጮህ ኦቦ ዱጋሳ በነጠላ ጫማቸው እየሮጡ መጡ።

«ምነው እናቴ፣ ሰው አጠገብዎ እያለ አይጣሩም?» አለኝ ቆጣሪ አንባቢው።

ምን ልበለው? በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ አኩርፌ ነው ልበለው? «ኧረ ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ደረቀ!» አልኩት።

ኦቦ ዱጋሳ ተንበርክከው እግሬን ይዘዋል። ቀና ብለው አዩኝ። «ጠራሽኝ?» አሉ።

«ጠራሁዎት እንጂ!»

ተሸክመው ቤቴ አስገቡኝ። ውሸቴ ይኸው ነው፤ ያኔ እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ልጄ ሊዲ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። በማግስቱ መጣች። እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ስታየኝ «በቃ እማዬ» አለች፣ «ይሄ ሣር ይገድልሻል። ብትወድቂ የሚሰማሽ ሰው እንኳ የለም። ግቢውን ሊሾ አስደርገዋለሁ።»

ሊሾ! የንዋይ ሰርዶ ሲሚንቶ ሊለብስ! የናዝሬት ፀሐይ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል እሷ የት ታውቃለች፣ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በአባቷ ስም አለቀስኩባት። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ጎንበስ ሳይሉ፣ ቆመው የሚያጭዱበት ማሽን ትልክልኛለች። ከቡሄ በኋላ ባለው ቅዳሜ ግንበኛ ይዛ ትመጣለች። ሣሩ በወጉ ታጭዶ ካገኘችውና ስለ እኔም ልቧ ካልሰጋ ሰርዶው ይቆያል። ካልሆነ በዚያው ቀን ግንበኛው ሥራ ይጀምራል።

ማሽኑ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። ረጅም እጀታ፣ ከታች የሚሽከረከር የፕላስቲክ ክር፣ ከላይ ጡብ የሚያክል ባትሪ። ቤንዚን የለው፣ የሚጎተት ገመድ የለው። መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ግን ስልክ ላይ የሰማሁት እንግሊዝኛ ስለ ባትሪ አያወራም ነበር።

ኦቦ ዱጋሳ ሳልጠራቸው መጡ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ጠቡን ረስተውታል። በየማለዳው በሬ ላይ ቆመው «ሸዋ፣ አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል፣ እግሬን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ማሽኑን አንስተው ገለባብጠው አዩት። «የቡዜን ድርሻ እኔ እሠራለሁ» አሉ። «አንቺ የራስሽን፣ እኔ የቡዜን። እንዳትከራከሪኝ።» አልተከራከርኩም፤ ይሄ ለኔ ብርቅ ነው።

መጀመሪያ ቀን ማሽኑን አስነሱና አየር ላይ ይዘው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ጀመሩ። ማሽኑ ይጮኻል፣ እሳቸው ቆመዋል። ሁለት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኩ።

«ይሙቃ! ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጭነት አይጫንም። ስንቱ ነው ሳያሞቅ ተነስቶ አፋር በረሃ ላይ የቀረው!»

አሥር ደቂቃ አሞቁት። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ሣሩ ውስጥ ገቡ። አራት እርምጃ አጨዱ። አምስተኛው ላይ ማሽኑ ዝም አለ።

«ልጅሽ አሮጌ ዕቃ ነው የላከችልሽ» አሉ።

«ልጄን ይተዉልኝ!»

ባትሪውን የምሞላው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቻርጀሩ ላይ እሰካዋለሁ። አዲስ ዕቃ አይደል፣ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል አለበስኩት። ዳንቴል ቀዳዳ ነውና ከላይ ፎጣ ደረብኩበት። ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል አይቼ፣ እየሞላልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኛል። ቴሌቪዥኔ ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጄ ለብሷል፣ ሬዲዮኔ ለብሷል፤ ባትሪው ለምን ራቁቱን ይደር?

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄድን። እሳቸው ያሞቃሉ፣ እኔ አለብሳለሁ፣ ማሽኑ አራት እርምጃ ሄዶ ይሞታል። እሳቸው ያንቺ ቻርጀር ነው ይላሉ፣ እኔ የእርስዎ አያያዝ ነው እላለሁ። ሊዲ ስትደውል «እንዴት ነው ማሽኑ?» ትለኛለች። «እሰይ ነው!» እላታለሁ። ሌላ ውሸት። ሣሩ ግን ሽቅብ እየሄደ ነው፣ ቡሄም እየቀረበ ነው።

ያስጨነቀኝ ሣሩ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የኦቦ ዱጋሳ ሬዲዮ ጠፍቷል። በመጀመሪያ «ተመስገን፣ ዕረፍት አገኘሁ» አልኩ። ቀስ እያልኩ ሳይ ወንበራቸውን ከሎሚው ዛፍ ወዲህ አምጥተው፣ ፊታቸውን ወደኔ በር አዙረው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ሸዋ፣ እስቲ ቧንቧው ጋ ሄደሽ ጥሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

«ለምን?»

«ጥሪኝ ብቻ።»

ሄድኩና በሹክሹክታ «ኦቦ ዱጋሳ» አልኩ።

«ሰማሁ» አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም። «አሁን እሰማለሁ። ያን ቀን ምን ነካኝ? ክሊኒክ ሄጄ ታየሁ፤ ጆሮህ ደህና ነው አሉኝ። ደህና ከሆነ ሦስት ሰዓት ሙሉ የምትጮህ ሴት እንዴት አልሰማም? አንዳንዴ ይጠፋል ማለት ነው። ሲጠፋ ደግሞ እኔ አላውቅም።»

«ሬዲዮኑ ጮሆ ይሆናል» አልኩ።

«ለዚያ ነው የዘጋሁት።»

ቮልስ መኪናቸው ሸራ ለብሳ እንደቆመች ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። ሰኔን ሙሉ እሑድ እሑድ ዓለም ጤና ነድተዋት ይሄዱ ነበር፣ ቡዜንና ሕፃናቱን ለማየት። ጠየቅኳቸው።

«ጆሮው የሚጠፋ ሰው መሪ አይይዝም» አሉ። «ከኋላ የሚመጣውን በጆሮ ነው የምታውቂው። ሰው ልግደል?»

«በሚኒባስ ይሂዱ እንግዲህ!»

«ሄጄስ ቡዜን ምን ልበላት? ጎረቤትሽ እየጮኸች ሬዲዮ እሰማ ነበር ልበላት?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አሁን ተናገሪ አልኩ ለራሴ፣ አሁን፤ ሰውዬው የልጅ ልጆቹን ማየት ትቷል እኮ። አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ላፍላልዎት?» አልኩ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ለቁጣ የፈጠነ አፌ ለዚህ ሲሆን ይተሳሰራል።

ሻዩን ለመጠጣት ገቡ። ስኒያቸውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሊያስቀምጡ እጃቸውን ሲዘረጉ «ይሄ ምንድን ነው የሚያተኩሰው?» አሉ። ፎጣውን ገፈፉ። ዳንቴሉን ገፈፉ። ባትሪውን ሲነኩት እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ያ ዋቃ! ሸዋ፣ ራዲያተር ላይ ብርድ ልብስ ደርበሻል! ይሄ እኮ ሲግል መሙላቱን ያቆማል። ቀዩ መብራት አሞኛል እያለሽ ነው!»

መመሪያውን አውጥቼ አየሁ። ቀይ ብልጭ ብልጭ ካለ ግሏል ይላል። አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ አልወድም፤ መነጽሬን አጥብቄ መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ለዕውቀት ሳይሆን የእሳቸውንም ጥፋት ለማግኘት። አገኘሁላቸው!

«ሃያ ደቂቃ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ሙሉው ባትሪ ሃያ ደቂቃ ነው የሚሠራው! አሥሩን እርስዎ በማሞቅ ነው የሚጨርሱት። የኤሌክትሪክ ነው፣ ማሞቅ አያስፈልገውም!»

«ሞተር አይደለም?»

«ሞተር ነው።»

«ታዲያ ሞተር ካልሞቀ እንዴት...»

«ኦቦ ዱጋሳ!»

ብዙ ተከራከርን። ያለማሞቅ መነሳት ለእሳቸው ሳይታጠቡ ማዕድ እንደመቅረብ ነው። ለማንም የሰጠሁትን ሦስት ደቂቃ ለእሳቸው አልከለክልም አልኩና ተስማማን። በማግስቱ የግድግዳ ሰዓቴን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ማሽኑን አስነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሦስት ደቂቃዎ ሞልቷል!» አልኩ። «ይጨመርልኝ» አሉ። «አይጨመርም!» እየሳቁ ሣሩ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ያጨዱት ከሎሚው ዛፍ እስከ ደረጃቸው ደረሰ። ጭማቂ የሚመስል የሣር ሽታ ግቢውን ሞላው። እልል አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት በኋላ እኔ ሆነ። እግሬ ድኗል። መጀመሪያ ማሽኑ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ የራሴን ጣት የማጭድ መስሎኝ ፈራሁ፤ አንድ የጽጌረዳ ችግኝም ከሥሩ ቆርጬ ጥያለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን እንደ መጥረጊያ ለመደኝ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ማሽን እነዳለሁ! ኦቦ ዱጋሳ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንኳ፣ ያዙኛል።

«ክሩ አጥሯል፣ ሸዋ! ድምፁ ቀጠነ።»

አጥፍቼ አያለሁ፤ አጥሯል።

«አሁን ድንጋይ ነካሽ።»

ነክቻለሁ። ጠጠሯ ከምስር አትበልጥም። ይሄንን የሚሰማ ጆሮ ነው እንግዲህ ጠፋ የተባለው። እያንዳንዱ ምክራቸው ውሸቴን አንገቴ ላይ ያጠብቀው ጀመር። ከቅዳሜ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሊዲ ትምጣ፣ ሣሩ ይትረፍ፣ ከዚያ።

ቅዳሜ መጣ። ሊዲ አብደላ ከሚባል ግንበኛ ጋር ገባች። ሰውዬው ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ ሊዲ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሣሩ እኩል ታጭዷል፣ ጠርዙ ተስተካክሏል፣ ዝናብ አካፍቶበት ያበራል።

«እማዬ፣ ማን አጨደው?»

«እኔና ኦቦ ዱጋሳ!»

ማሽኑን አንስቼ አሳየኋት። ባትሪ ከተትኩ፣ አስነሳሁ፣ በቧንቧው ዙሪያ ዞርኩ፣ አጠፋሁ። ሳቋ መጣ። አብደላም «ይሄንንስ ሲሚንቶ ማልበስ ኃጢአት ነው» አለ፣ ሥራው እየቀረበት እንኳ። ልቤ ዘለለ። አበቃ፣ ተረፈ አልኩ።

ሊዲ ወደ ኦቦ ዱጋሳ ዞረች። «ጋሼ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። እማዬ ብትወድቅ ይሰሟታል? ይህን ብቻ ይንገሩኝ። ይሰማኛል ካሉኝ ሣሩን አልነካውም።»

ኦቦ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሣሩን አዩት፣ ያን ሁሉ ቀን የደከሙበትን ሣር። «አይሰማኝም፣ ልጄ» አሉ። «ያን ቀን ጮኸች፤ እዚህ ተቀምጬ አልሰማሁም። እኔን አምነሽ እናትሽን አትጣዪ። ሲሚንቶውን አስደርጊው።»

ሊዲ ራሷን ነቀነቀች። አብደላ ሜትሩን አወጣ።

ዝም ልል እችል ነበር። ውሸቴ እንደተሸፈነ ይቀር ነበር። ሣሩ ግን ይሄዳል፣ እሳቸውም ደህና ጆሯቸውን ይዘው ደንቆሬያለሁ እያሉ ይሞታሉ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«አልጠራኋቸውም» አልኩ።

«ምን?» አለች ሊዲ።

«አልጮህኩም። አንዴም አልጠራኋቸውም። በዋዜማው ተጣልተን ነበር፤ በእልህ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ ተኛሁ። ከዚያ አፍሬ ዋሸሁ። ጆሯቸው ደህና ነው። ምንም አልሆነም።»

ኦቦ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቀሩ። «አንዴም?» አሉ።

«አንዴም።»

«ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ ሸዋ። ሕፃናቱ ይስቃሉ አሉ አሁን። እኔ አላየሁም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱና በሩን ዘጉት። ያ በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

ሊዲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም። «እኔ ደግሞ የእሳቸው ጆሮ መስሎኝ» አለች። «ለካ ያንቺ አፍ ነው!» አብደላን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘችው። ከዚያ እጄን ያዘች። «ሣሩ ይቆይ። ግን ማይልኝ። ብትወድቂ ትጠሪያለሽ?»

«እምልልሻለሁ፣ እጠራለሁ።»

«ማንን?»

ሁለታችንም ወደ ተዘጋው በር አየን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቮልሷ ከሸራዋ ወጥታለች። ኦቦ ዱጋሳ አጠገቧ ቆመው አሥር ደቂቃ ሙሉ አሞቋት፤ ጭሱ ቤቴን ሞላው። አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሳቸውም ወደኔ አላዩም። በሩን ከፍተው ነድተዋት ወጡ።

ሰኞ ብቻዬን አጨድኩ፣ የቡዜንም ድርሻ ጭምር። ክሩ አጠረ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ባዶውን ሳሽከረክር ቆየሁ። ቧንቧው ጋ ስደርስ ማሽኑን አጠፋሁት። ግቢው ጭር አለ። ሠላሳ እርምጃውን የቆጠርኩት ያኔ ነው። እስከ በረንዳቸው ሄድኩ፣ ባዶ ወንበራቸውን አየሁ፣ እየቆጠርኩ ተመለስኩ። ብወድቅ የሚሰማኝ የለም። በገዛ እጄ ነው፤ ሣሩን አተረፍኩና ሰውዬውን አጣሁ ብዬ አመመኝ። ማክሰኞም አልመጡም።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቮልሷ ድምፅ ተሰማ። ከጓዳዬ አልወጣሁም፤ ፈርቼ ነው። ኮቴ ወደ በሬ መጣ፣ አንድ ከባድ ነገር ደጄ ላይ ዱብ አለ፣ ኮቴው ተመልሶ ሄደ። ቆይቼ ስከፍት ግማሽ ጆንያ የዓለም ጤና ሽንኩርት ነው። ላኪዋ ቡዜ ትሁን እሳቸው አላወቅሁም። ለራት ሁለት ራስ አወጣሁና መክተፍ ጀመርኩ፤ ሽንኩርቱን አመካኝቼም አለቀስኩ።

ያኔ ሬዲዮኑ ተከፈተ። ከወደቅኩበት ማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መስታወቴ እስኪነዝር ድረስ፣ ዜናው መጀመሪያ በኦሮምኛ። ቢላዬን አስቀመጥኩ። መስኮቱ ድረስ እንኳ አልሄድኩም። ከጓዳዬ ሆኜ፣ እንደ ድሮው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ኦቦ ዱጋሳ! ኧረ ይቀንሱት!»

ቀነሱት።